የማይጠቁር አጥንት

ኦክቶበር 14፣ ሰኞ

አርባ አንድ ትሪ። ዛሬ ብቻ አርባ አንድ ትሪ የአሳማ አጥንት ከማሳያው ፍሪጅ አንስቼ ጣልኩ። አልተበላሸም፣ አይሸትም፣ ከትናንት ወዲያ ጠዋት በገዛ እጄ የቆረጥኩት ነው። መቅኔው ግን ጠቁሯል። የከተማችን የናም ዲን ሴት ደግሞ ለመረቅ አጥንት ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው የተቆረጠውን ጫፍ ነው። ቀይ ከሆነ ታነሳለች፣ ከጠቆረ አፍንጫዋን ነፍታ ወደ ገበያ ትሄዳለች።

አለቃዬ ካይ ሰው እየሰማ፣ «ቶዋ፣ አሥር ዓመት ሥጋ ቆርጠሽ አጥንት አሸነፈሽ?» አለኝ። እስከ ዲሴምበር መጨረሻ መላ ካልተገኘ የአጥንቱን ጥግ ዘግቶ ዓሣ ሊያስገባበት ነው። እኔንስ የት ሊያደርገኝ ነው? አልጠየቅኩትም።

ማታ አማቴ ሩዝ እየጨለፉ፣ «ቱዋት ከተቀበረ ሦስት ዓመት ሞላው» አሉ። «በዚህ ብርድ እናወጣዋለን።»

የባሌን አጥንት ከመቃብር ማውጣቱ የግድ ነው፤ አውቃለሁ። አጥንቱ ወጥቶ፣ ታጥቦ፣ በትንሿ የሸክላ ሣጥን ደረቅ ቦታ ካላረፈ የሞተውም የቆመውም ሰላም አያገኝም። ግን ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ልጄ ቪ ሳቀችብኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በሁሉም ነገር ትስቃለች።

ኦክቶበር 17፣ ሐሙስ

የሚያጠቁረውን ያገኘሁት መሰለኝ። ሥጋው ቀይ ሆኖ እንዲቆይ እሽጉ ውስጥ ኦክሲጅን እንሞላለን። ለሥጋው መድኃኒት የሆነው ለመቅኔው መርዝ ነው። መጋዙ አጥንቱን ሲሰነጥቀው ደሙ ጫፉ ላይ ይቀራል። አየር ሲያገኘው መጀመሪያ ይቀላል፣ በማግስቱ ይጠይማል፣ በሦስተኛው ቀን ከሰል ይሆናል።

ከሰል ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ቃል ጠፍቶኝ ነው።

ኦክቶበር 22፣ ማክሰኞ

ጋዝ የሚሸጥ ሰውዬ ከሃኖይ መጥቶ ነበር። ፎቶ አሳየን። አሥረኛ ቀኑን የያዘ አጥንት አሁን የታረደ ይመስላል። «ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ቁንጥር ይበቃል» አለ። ከእኔ ጋር የምታሽገው ሴን አፏ አያርፍም፣ «ምንድን ነው ስሙ?» አለችው።

«አዲስ ነገር አይደለም እህቴ። በዝግ ቤት ከሰል ሲነድ የሚወጣው ያው ጋዝ ነው። ደሙን ቀይ እንዳለ ጨብጦ ይይዘዋል፣ አይለቅም። በእሱ የሞተ ሰው እንኳ ጉንጩ ቀይ ነው፣ የተኛ ነው የሚመስለው።»

ሴን ሳቀች። «እንግዲያ እኔም ስሞት በእሱ እሸጉኝ፣ ባሌ ደንግጦ ይሙት።»

ካይ ፈቃድ የሌለው ነገር እዚህ አይገባም ብሎ ሸኘው። እኔ እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ ሁሉም ምሳ በልተው ጨርሰው ነበር።

ኦክቶበር 23

ራሴን አሞኛል። ቱዋትን መትቶ የገደለው ነፋስ ነው። ሁሉም ያሉት ይህንኑ ነው። የጤና ጣቢያው ሰውዬም ፈርሞበታል።

ኦክቶበር 30፣ ረቡዕ

ጉንፋን ሲይዘን የምንበጠብጠው ቫይታሚን ሲ የተቆረጠ ፖም እንዳይጠይም እንደሚያደርግ አውቃለሁ። መቅኔስ? ዱቄቱን በኪሎ ገዛሁ። ሴን፣ «አሳማው አስነጠሰው እንዴ?» አለች።

አሥራ አምስት ትሪ። ከአንድ እስከ አምስት ምንም ያልነካው። ከስድስት እስከ አሥር፣ በሊትር ውሃ አሥር ግራም። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አምስት፣ ሃያ አምስት ግራም። የመጋዙን ብናኝ ጠርጌ የተቆረጠውን ጫፍ ብቻ በብሩሽ ቀባሁት፣ አንጠፈጠፍኩት፣ አሸግኩት። ሁሉም በአንድ ፍሪጅ፣ በአንድ መብራት ሥር።

ኖቬምበር 2፣ ቅዳሜ

ያልተነካው ጠቆረ። አሥር ግራሙ ጠየመ። ሃያ አምስቱ እንደ መጀመሪያ ቀኑ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አማቴ ዛሬም ቱዋትን በሕልማቸው አይተውታል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ በር ላይ ቆሞ፣ «እማ፣ በረደኝ» ይላል። አልገባም ይላል። መቃብሩን ውሃ ገብቶታል ማለት ነው አሉ። ቀጥሎ ዓይናቸውን ከጎመኑ ላይ ሳያነሱ እንዲህ አሉ፤

«አጥንቱ ወርቅ መስሎ ከወጣ ደግ ሞት ነው የሞተው። ጥቁር ከወጣ ግን መርዝ አለበት። አጥንት እንደ ሰው አይደለም ልጄ፣ አይዋሽም።»

«መርዝ ከየት ይመጣል እማማ?»

«ከቤት ነዋ። የጎረቤታችን ልጅ ጥቁር ሲወጣ ሚስቱ በዚያው ቀን ጓዟን ይዛ ሄደች። ልጆቹ ግን የቤቱ ናቸው፣ አልሰጧትም። ማን ይሰጣል?» ቪን ፀጉሯን እያሻሹ ነበር የሚያወሩት።

እኔ አጥንት ለምን እንደሚጠቁር አውቃለሁ። ደም ነው፣ ብረት ነው፣ አየር ነው። የጭቃው ዓይነት ነው። መርዝ አይደለም። ይህን ማለት ነበረብኝ። ሳህን አጠብኩ።

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ

ሦስተኛው ሙከራም ተሳካ። የዛሬው አጥንት እስከ ቀትር አለቀ። አንዲት ባልቴት ትሪውን ወደ መብራት ከፍ አድርጋ፣ «አጥንትሽ ትኩስ ነው የኔ ልጅ፣ ገና ይሞቃል» አለችኝ። ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

ካይ እጁን እያፋተገ መጣ። «እሽጉ ላይ ሦስት ቀን የምንለውን ሰባት ብንለውስ? ቀይ ነው እኮ።» ቀለሙና ጤናው ለየቅል ነው ልለው ፈልጌ ነበር። «ይታያል» አልኩት። ይታያል ያልኩት ምኑ እንደሚታይ እግዜር ይወቀው።

ኖቬምበር 14፣ ሐሙስ

ቁጥር አሥራ አራት።

ያኔ ካሸግናቸው አሥራ አምስቱ አንዱን ከፍሪጁ ጀርባ ረስቼው ኖሯል። አሥራ አምስት ቀኑ ነው። ቀይ ነው። ከዛሬው አጥንት ጎን አስቀምጬ ሴንን፣ «የትኛው ነው የዛሬው?» አልኳት፤ አሮጌውን መረጠች። ላስቲኩን ስቀደው ሽታው ሁለታችንንም ወደ ኋላ አንገዳገደን። ሴን አፏን ይዛ ሮጠች። እኔ ቆሜ አየሁት። ውስጡ ሞቶ አልቆ ፊቱ አሁን የታረደ ነው። እጄን ዘርግቼ ነካሁት፣ ለምን እንደነካሁት አላውቅም። በረዶ ነው።

ሳልነግረው አልቀርም፣ ለካይ። ነገ እነግረዋለሁ።

ኖቬምበር 15

አልነገርኩትም። ሥራ በዛ።

ኖቬምበር 19፣ ማክሰኞ

ሌሊት ለውሃ ተነሳሁ። አማቴ በጨለማ የቱዋት ፎቶ ፊት ቁጭ ብለዋል። የሚያወሩት ከሰው ጋር ነው ብዬ ነበር። እያቆሙ መልስ ይጠብቃሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ።

«ነፋሱን ፈርቼ ነው፣ ነፋሱን ብቻ ፈርቼ ነው ልጄ... አዎ... እሱን እሷ ታውቃለች...»

እሷ እኔ ነኝ። ሌላ ማን አለ? ጠረጠሩኝ። እስኪበርደኝ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ውሃውን ሳልጠጣ ተመለስኩ።

ኖቬምበር 25፣ ሰኞ

ቪ ተኝታለች። አማቴም። ልጻፈው፣ ከዚያ እቀደዋለሁ።

ያን ቀን ቱዋት ጉንፋን ይዞት ይንቀጠቀጥ ነበር። የሰሜኑ ነፋስ ገብቶ ግድግዳው ሁሉ ያንጠባጥባል። ባለ ቀዳዳውን የከሰል ጡብ አቀጣጥዬ ምድጃውን አልጋው ሥር አስገባሁለት። «አንቺ ባትኖሪ የበረዶ ዓሣ ሆኜ ነበር» አለኝ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼ ወደ ሥራ ሄድኩ፤ የአሳማው መኪና እኩለ ሌሊት ነበር የሚገባው። ቪ ከአያቷ ጋር ተኝታ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ስመለስ በሩ ዝግ ነው። ከሰሉ አመድ ሆኗል። ቱዋት ጉንጩ ቀልቶ ተኝቷል። እንዴት አምሮበታል፣ ትኩሳቱ ለቀቀው ብዬ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ። እጁን እስክይዘው ድረስ።

ከዚያ ያደረግኩት ምንድን ነው? ጮህኩ? የለም። መጀመሪያ ምድጃውን ወደ ጓሮ አወጣሁ። መስኮቱን ከፈትኩ። አየሩ እስኪቀየር ጠበቅኩ። ከዚያ ጮህኩ። አማቴ ገብተው አዩት፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ «ነፋስ መታው» አሉ። እኔም አልኩ።

በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የሄድኩት። እርግጠኛ ነኝ። በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በአንድ እጄ በሩን ይዤ... ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ያን በር ስከፍትና ስዘጋ ነው የማድረው። ምናልባት ዘግቼዋለሁ። እጅ የለመደውን ያደርጋል።

አልቀደድኩትም። ነገ።

ዲሴምበር 1፣ እሑድ

መልካም ቀን የሚመርጠው ቀን ቆጣሪ ቀኑን ሰጠን፣ የፊታችን እሑድ ከንጋት በፊት። አጥንቱን ፀሐይ እንዳያየው። አጥንት የሚያወጣው አቶ ዶአን ነው፣ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆይቷል። በመጀመሪያው ውሃ የማጥበው እኔ ነኝ፣ ሚስቱ ነኝና። ቀጥሎ አማቴ በሩዝ አረቄ ያለቀልቁታል፣ በብርሃን አይተው ሣጥኑ ውስጥ ይደረድሩታል።

የመጀመሪያው ውሃ የእኔ ነው።

የቫይታሚን ሲው ዱቄት ለትኩስ መቅኔ ነው። ሦስት ዓመት ጭቃ ውስጥ የኖረ አጥንት ደም የለውም፣ ምን ያደርግለታል? ግን የሴን እናት ዝገት የነካው ሸሚዝ ስታስለቅቅበት አይቻለሁ። ግማሽ ኪሎ ከሥራ ቦታ ወሰድኩ። በሕይወቴ አንድ ክር ሰርቄ አላውቅም።

ዲሴምበር 7

ባልዲ። ጓንት። አዲስ ቀይ ጨርቅ። አረቄ ሦስት ጠርሙስ። ለአቶ ዶአን ሲጋራ። ዱቄቱ በሻይ ከረጢት ውስጥ። ቪ ጎረቤት ታድራለች። 

ዲሴምበር 8፣ እሑድ

መቃብሩን እውነትም ውሃ ሞልቶታል። አቶ ዶአን እስከ ጭኑ ገብቶ በእጁ እየዳበሰ ያወጣል። እያንዳንዱን ሲያቀብለኝ ስሙን ይጠራል፣ «ክንድ»፣ «ጉልበት»፣ «ጎድን»፣ አንድም እንዳይጎድል። ያን ሁሉ ዓመት የቆረጥኩትን አጥንት በስም ጠርቼው አላውቅም።

መቃብሩ ላይ በተከልነው ድንኳን ሥር ያለው አንድ ባትሪ ነው። ዓይኔን ወጋኝ ብዬ ወደ አማቴ አዞርኩት። ዱቄቱን ቀድሜ በባልዲው በጥብጬዋለሁ። በጨለማ ተቀበልኩ፣ በጨለማ ነከርኩ፣ በእጄ ብቻ አሸሁት። ጭንቅላቱን ሲሰጠኝ መዳፌ ውስጥ ልክ ገባ፤ ሲታመም ግንባሩን እንደምይዘው። ባትሪውን ወደ እኔ ማዞር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አልቻልኩም።

አማቴ የመጀመሪያውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉ።  

«ወርቅ ነው» አሉ። ደግመው፣ «ዶአን፣ እየው፣ ወርቅ ነው።» አቶ ዶአን ከጉድጓዱ ቀና ብሎ አየ። «በዚህ ውሃ ውስጥ እንዲህ የሚያምር አይቼ አላውቅም» አለ፣ ወደ እኔ ዞሮም ቆየ። ምናልባት ሽታው ደርሶት ይሆናል። ይህ ዱቄት ትንሽ ይኮመጥጣል።

አማቴ ጭቃው ላይ ተንበርክከው አለቀሱ። እኔን አቅፈው አለቀሱ።

ዲሴምበር 11፣ ረቡዕ

ቤቱ ሌላ ቤት ሆኗል። አማቴ ይበላሉ። እስኪነጋ ይተኛሉ። ሕልሙ ቆመ። ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ፣ «ምራቴ እጇ የተባረከ ነው፣ እሷ ያጠበችው ወርቅ ሆነ» ይላሉ። ካይም አጥንቱን ሰባት ቀን አድርጎት ትርፍ ላይ ነው። ሁሉም ደስ ብሎታል።

ማታ አትክልት እየቀነጠስን ሳለ እንዲህ አሉኝ፤

«አሁንማ ልንገርሽ። ያን ሌሊት ተነስቼ በሩን ክፍት አገኘሁት። ያ ነፋስ ፊቱ ላይ ይነፍሳል። ይመታዋል ብዬ ዘጋሁት፣ ከሥሩ ጨርቅ ወተፍኩበት። ጠዋት ምድጃው የለም። ማን እንዳወጣው አልጠየቅኩሽም፣ አንቺም በሩን ማን እንደዘጋው አልጠየቅሽኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰሉ ይሆን፣ እጄ ይሆን እያልኩ ስቃጠል ነበር። ከሰሉ ቢሆን ይጠቁር ነበር። ወርቅ ሆኖ ወጣ። ነፋስ ነው፣ እኔ ሳልዘጋው በፊት መትቶት ነበር።»

ያን ጠዋት በሩ ሥር ያገኘሁት ጨርቅ የእግር መጥረጊያ መስሎኝ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጌው ነበር ማለት ነው። ለዚህ መልስ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አድሬያለሁ፣ ሲመጣ ግን አላቀለለኝም። እውነቱን ልንገራቸው? እኚህን ሴት ገና አሁን እንቅልፍ የወሰዳቸውን? ዝም አይነቅዝም ይባላል።  ጎመኑን ቀነጠስኩ።

ዲሴምበር 13

ቪ ሐኪም ቤት ናት። ተርፋለች። ተርፋለች። ነገ እጽፋለሁ።

ዲሴምበር 14፣ ቅዳሜ

ትናንት የሰሜኑ ነፋስ ገባ። ፍሪጁ ተበላሽቶ ከሥራ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ወጣሁ፤ ባይበላሽ ኖሮ ብዬ ማሰብ አልችልም። ቤት ስደርስ አማቴ ኩሽና ናቸው፣ ያንጎራጉራሉ። «ቪዬ አስነጠሳት፣ አሙቄ አስተኛኋት» አሉኝ። በኮሪደሩ ሄድኩ። በሩ ዝግ ነው። ከሥሩ ጨርቅ ተወትፏል።

ምድጃው አልጋዋ ሥር ነው፣ ጉንጯ ቀልቷል። እንዲያ ያማረ ቀይ በሥራ ቦታዬ በየቀኑ ነው የማየው፤ አሁን ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጠርቼ ሳትመልስልኝ ተሸክሜያት ወጣሁ። ጓሮ ስንደርስ አስመለሳት፣ አስመለሳትና አለቀሰች። ለቅሶዋን ስሰማ እኔም መጮህ ቻልኩ።

ሐኪም ቤት ኦክሲጅን አደረጉላት። አግዳሚው ላይ እኔና አማቴ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሁሉንም ነገርኳቸው። ከሰሉን እኔ እንዳስገባሁት፣ ምድጃውን ደብቄ መስኮት ከፍቼ እንደጮህኩ፣ ጉንጩ እንዴት እንደነበር። ባልዲው ውስጥ የጨመርኩትን። «አጥንት ይዋሻል እማማ» አልኳቸው፣ «እንዲዋሽ የማደርገው እኔ ነኝ፣ የምበላበት ሥራ ነው። ያስወጡኝ ከፈለጉ ያስወጡኝ። ያ ምድጃ ግን ዳግም ቤት አይግባ።»

 ነርሷ መጥታ ልጅቷ ነቅታለች፣ ሾርባ ትፈልጋለች አለች። አልተነሱም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩታል።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቶዋ፣ ሳታጥቢው በፊት ቀለሙ ምን ነበር?» አሉኝ።

«አላየሁትም።»

«እውነቱን ንገሪኝ። ጥቁር ነበር?»

«እውነቴን ነው እማማ። ፈርቼ መብራቱን አዞርኩት። አላየሁትም።»

ረጅም ጊዜ ፊቴን አዩት፣ ውሸት እንደሚፈልግ ሰው። ውሸት ቢያገኙ ደስ የሚላቸው መሰለኝ። ከዚያ ተነሱ፣ ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው የቪን ክፍል መስኮት እስከ ግድግዳው ወለል አድርገው ከፈቱትና ነፋሱ ውስጥ ቆሙ።